የመንግሥት ወይስ የግል? ለአንደኛ ክፍል ትምህርት ቤት ለምትፈልጉ

እህቴ፣ «ልጄ መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ይገባል፣ የት ላስገባው?» ብለሽ ለጠየቅሽው በሁለት መስመር ልመልስልሽ ነበር፣ ረዘመብኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ። አንዷን በግል፣ አንዱን በመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምሬያለሁ። አዲስ አበባ ላላችሁ ወላጆች ሁሉ ይጠቅማል ብዬ እዚሁ ልጻፈው።

ትልቋን ያስገባኋት ክፍያው የደመወዜን ሲሶ የሚወስድ የግል ትምህርት ቤት ነበር። ግቢው ንጹሕ ነው፣ ሰርቪስ አለው፣ ልጅቷ ቤት ስትመጣ በእንግሊዝኛ ትዘምራለች። ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለተኛ ክፍል ሆና አንድ ማታ የአማርኛ መጽሐፏን ገልጣ ስታነብልኝ ገጹን በእጄ ሸፈንኩት። እሷ ግን አላቆመችም፣ እስከ መጨረሻው ወረደችው። ለካ በቃሏ ነው የያዘችው። ደብተሯ ከዳር እስከ ዳር ራይት ነበር፣ መገናኛ ደብተሩም ላይ «ጎበዝ ተማሪ ነች» ይላል። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ለአባቴ ስነግረው አልገረመውም። እሱ ፊደል የቆጠረው የኔታ ዘንድ ነው። «ሀ ሁ ሂን ከዘለቅን በኋላ አቡጊዳ የሚያስቆጥሩን እኮ ለዚህ ነው» አለኝ። ተራው ሲፈርስ ፊደሉን የለየው ልጅና በዜማ የሸመደደው ልጅ ይለያያሉ። ደግሞም የኔታ እያንዳንዱን ልጅ ፊታቸው አስቀምጠው ለብቻው ያስነብቡት ነበር። አርጩሜው ይቅርብን እንጂ ይህ ነገር ዛሬም አንደኛ ክፍል ላይ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልግ ይመስለኛል። በ2002 በተለያዩ ክልሎች የንባብ ምዘና ሲደረግ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ አብረው ጮኸው እየደገሙ፣ ለብቻቸው የሚያዳምጣቸው ሳያገኙ የሚያልፉ ልጆች ብዙ ናቸው።

ስለዚህ ሳነጻጽር መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያ የለውም፣ ቁርስና ምሳ ይበላሉ፣ ደብተርና ዩኒፎርምም ይሰጣቸዋል። ልጁ በሚገባው ቋንቋ ይማራል፣ ይህን አቅልላችሁ አትዩት። አካባቢ ሳይንስን በአማርኛ የተማረው ትንሹ ልጄ ቤት መጥቶ ስለ አፈርና ስለ ውኃ የሚጠይቀኝን ጥያቄ ትልቋ በእሱ ዕድሜ ጠይቃኝ አታውቅም። ቃሉን በእንግሊዝኛ ታውቀዋለች፣ ምን ማለት እንደሆነ ግን አታውቅም ነበር። ችግሩ የተማሪው ብዛት ነው። ደግሞ በሁለት መንደር ርቀት ያሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች የሰማይና የምድር ያህል ሊለያዩ ይችላሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ልዩነቱን የሚያመጣው ርእሰ መምህሩ ነው። ጠዋት በር ላይ ቆሞ ልጆቹን በስማቸው የሚጠራ ርእሰ መምህር ካገኘሽ ብዙ አታስቢ።

መካከለኛ ክፍያ ያላቸው የግል ትምህርት ቤቶች በአንድ ክፍል የሚይዙት ልጅ ያንሳል፣ ክትትሉም ይሻላል፣ ሥራ ውለሽ እስክትደርሺ ልጁን ያቆዩልሻል። ለሠራተኛ እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን መምህራኑ ቶሎ ቶሎ ይለቃሉ። የኔ ልጅ በአንድ ዓመት ሦስት የክፍል ኃላፊ ተቀያይሮባታል። ክፍያውንም ስትጠይቂ የወሩን ብቻ ሰምተሽ አትመለሺ፤ መመዝገቢያው፣ መጽሐፉ፣ ዩኒፎርሙ፣ ሰርቪሱ ተደምሮ የዓመቱ ስንት እንደሆነ አስጽፊ። በር ላይ የተሰቀለው «ስድስተኛና ስምንተኛ ክፍል ፈተና መቶ በመቶ አሳለፍን» የሚል ባነር ስለ አንደኛ ክፍል መምህሯ የሚነግርሽ ነገር የለም።

የሚሲዮንና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ከተገኙ እኔ ቀድሜ የማየው እነሱን ነው። እዚያው ብዙ ዓመት ያስተማሩ መምህራን አሏቸው፣ ክፍያቸውም ብዙ ጊዜ ከግሎቹ ይቀንሳል። ቦታ ማግኘት ግን ከባድ ነው፤ አብዛኞቹ ከአፀደ ሕፃናት ስለሚቀበሉ አንደኛ ክፍል ላይ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሊሴና ሳንፎርድን የመሳሰሉት ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ሥርዓታቸውም ክፍያቸውም ሌላ ስለሆነ እዚህ አላነሳቸውም።

ለማየት ስትሄጂ በእረፍት ሰዓት ሂጂ። ቢሮ አትቀመጪ፣ ግቢ ውስጥ ቁሚ። ልጆቹ ይሮጣሉ? መምህር ሲያዩ ይሸሻሉ ወይስ ይጠጋሉ? መጸዳጃ ቤቱን ግቢና እዪው፣ ውኃ መኖሩንም አረጋግጪ፤ ሽንቱን ይዞ የሚውል ልጅ አይማርም። ቤተ መጻሕፍቱ የተቆለፈ ከሆነ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቂ። ቁልፉ እስኪገኝ ግማሽ ሰዓት ከፈጀ ልጆቹ አይገቡበትም ማለት ነው። የአንድ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ደብተር አሳዩኝ በይ። ራይት ብቻ ነው ያለው ወይስ መምህሯ ስህተቱን አርማ ጽፋለታለች? ከዚያ ከመጽሐፉ ያልተማሩትን ገጽ ገልጠሽ አንድ ልጅ እንዲያነብልሽ ጠይቂ። እምቢ ያለኝ አለ፣ በደስታ «የፈለግሽውን ልጅ ምረጪ» ያለኝም አለ። ትንሹን ያስገባሁት ሁለተኛው ጋ ነው።

መንግሥት ትምህርት ቤቶችን በሚመዝንበት ኢንስፔክሽን ላይ ስንተኛ ደረጃ እንዳገኙም ጠይቂ። ደረጃው ከ1 እስከ 4 ነው፣ 3 እና 4 መስፈርቱን ያሟሉ ናቸው። ሁሉን ነገር አይነግርሽም፣ ግን የሚደብቅሽ ትምህርት ቤት ምክንያት አለው።

ዱላ ካየሽ ተመለሺ። «ለሥነ ሥርዓት ነው» ይሉሻል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው በግልጽ ይላል። መምህሩን የሚፈራ ልጅ አልገባኝም ብሎ አይጠይቅም፣ ያልጠየቀ ልጅ ደግሞ እንደኔዋ ልጅ ገጹን በቃሉ ይዞ ያልፋል።

አንድ የቀረኝ ርቀት ነው። ሰርቪስ ለመያዝ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚነሳ የሰባት ዓመት ልጅ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ይተኛል። በእግር የሚደረስ መካከለኛ ትምህርት ቤት፣ ከተማውን አቋርጦ ከሚሄዱበት ስመ ጥር ትምህርት ቤት ይሻለኛል። የተረፈው ሰዓት ቤት ውስጥ አብሮ ለማንበብ ይሆናል። እኔ ትልቋን ያነቃሁት እንደዚያ ነው፤ በየማታው ሃያ ደቂቃ፣ ቅዳሜ ደግሞ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይዣት እየሄድኩ። ስድስት ወር ያህል ፈጀብን።

ስትሄጂ የልደት ምስክር ወረቀቱንና የአፀደ ሕፃናት ውጤቱን ከነኮፒው ያዢ። የግሎቹ ቀድመው ስለሚመዘግቡ መጀመሪያ እነሱን እዪ። ሰፈርሽን ከነገርሽኝ እዚያ አካባቢ ያየኋቸውን በውስጥ መስመር እጽፍልሻለሁ።