ችክችካ ላይ የሚዲ ጊታር ስትረሚንግ እንዴት ይጻፋል?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። በ6/8 ችክችካ ላይ የአኮስቲክ ጊታር ስትረሚንግ (ክሮቹን በእጅ ጠራርጎ መምታት) በሚዲ (ኖታን ለኮምፒውተር በቁጥር በሚሰጥ ስርዓት) እየጻፍኩ ነው፤ ኮርዶቹ ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር፣ ፍጥነቱ ሶፍትዌሩ ላይ በደቂቃ 180 ሩብ ኖታ። ሳምፕሉ (የተቀዳው የጊታር ድምፅ) ጥሩ ቢሆንም ኪቦርድ የተመታ ይመስላል። ከመጀመሪያው ክር እስከ መጨረሻው 40 ሚሊሰከንድ ስዘረጋው ደግሞ ምቱ ይጎተታል። ምኑን ላስተካክል?

ባለ ስድስት ክር
መጀመሪያ ኮርዱ በጊታር እንደሚያዘው ይሁን። ሲ ሜጀር ከ5ኛው ክር ጀምሮ በሚዲ ቁጥር 48፣ 52፣ 55፣ 60፣ 64 ነው፤ ኤ ማይነር 45፣ 52፣ 57፣ 60፣ 64። 6ኛው ክር በሁለቱም አይመታም። የተጠጋጋ የሦስት ኖታ ኮርድ ምንም ያህል ብትዘረጋው ጊታር አይሆንልህም።

መጎተቱ የመጣው ከስፋቱ ነው። በዚህ ፍጥነት አንዷ ስምንተኛ ኖታ 167 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሆነች 40 ሩቧን ያህል ይበላል። ወደ 16 ሚሊሰከንድ አውርደው። ሩብ ኖታህ 480 ቲክ (የሶፍትዌሩ ትንሿ የጊዜ መለኪያ) ከሆነ በክርና በክር መካከል 6 ቲክ ገደማ ማለት ነው፤ እኩል ግን አታድርገው፣ 5፣ 7፣ 6፣ 5 ይሁን። ከዚያ ምቱን በሙሉ 12 ቲክ ያህል አስቀድመው፤ ጆሮ ቢቱን የሚሰማው የመጀመሪያው ክር ላይ ሳይሆን ክሮቹ ተጠራቅመው ሲሰሙ ነው። ኳንታይዝ (ኖታዎቹን ወደ ትክክለኛው የምት ቦታ መሳብ) ማድረግ ካለብህ ከመዘርጋትህ በፊት አድርግ፤ በኋላ ከሆነ የለፋህበትን ሁሉ መልሶ አንድ ላይ ይደፍነዋል።

የምት ሰው
በዚህ እስማማለሁ፣ ግን ለእኔ ዋናው የእጁ አቅጣጫ ነው። ታች-ላይ-ታች-ላይ እያልክ ስድስቱን ከቆጠርክ 4ኛዋ ምት ወደ ላይ ትወድቃለች፤ ችክችካው የሚደገፈው ደግሞ በእሷ ላይ ነው። ታች-ላይ-ታች፣ ታች-ላይ-ታች ጻፈው። እጅ ከ3ኛዋ በኋላ ሮጦ መመለስ ስላለበት 3ኛዋንና 6ኛዋን አጭርና ለስላሳ አድርጋቸው፣ ቬሎሲቲ (የአመታቱ ኃይል) 55 ገደማ፤ አንዳንዴም ተዋቸው። 1ኛዋ 100፣ 4ኛዋ 92 ይበቃቸዋል። ወደ ላይ የሚሄደው ምት ሦስቱን ቀጭን ክሮች ብቻ ይነካል፣ ቅደም ተከተሉም ይገለበጣል፦ በሲ ሜጀር 64፣ 60፣ 55፣ ቬሎሲቲ 65 አካባቢ።

ጠያቂ
በጣም ተለወጠ! አሁን ግን 60 እና 64 አንዳንድ ቦታ ላይ ድንገት ይዋጣሉ።

ባለ ስድስት ክር
ያለፈው ምት ኖታ ሳያልቅ ያው ቁጥር እንደገና ተጀምሯል፤ የፊተኛው ማብቂያ ሲደርስ አዲሱንም ይዘጋዋል። እያንዳንዱን ኖታ ያው ቁጥር ዳግም ከመመታቱ 2 ቲክ በፊት ጨርሰው።

የኮርድ ለውጡ ላይም ሁሉንም ክር አትቁረጥ። ከሲ ወደ ኤ ማይነር የሚንቀሳቀሰው የቀለበት ጣት ብቻ ነው፣ ከ5ኛው ክር ወደ 3ኛው። ስለዚህ 48ን 60 ቲክ ያህል ቀደም ብለህ ዝጋ፣ 55ንም አዲሱ ምት ሲነካው፤ ሌሎቹ እንደገና እስኪመቱ ይጩኹ። ሰስቴይን ፔዳል፣ ማለትም ኮንትሮለር 64፣ ትራኩ ላይ ካለ አጥፋው፤ ሁለቱን ኮርዶች ያደባልቃቸዋል።