የማሪብ ሐውልትና የቁርኣን ቃላት፦ በጋራ ፕሮፖዛሉ ላይ ውይይት

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የጥንት የደቡብ ዐረብ ጽሑፎችን ከቁርኣን ቃላት ጋር የምናነጻጽርበት የጥናት ፕሮፖዛል የመጀመሪያው ረቂቅ አምስት ርዕስ ይዟል፤ በዝቷል። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የመንን የገዛው ክርስቲያን ንጉሥ አብርሃ በየመን ማሪብ ላይ ያቆመውን ሐውልት ብቻ ብንይዝስ? እ.ኤ.አ. በ548 ስለተካሄደው የግድብ ጥገና በሳባ ቋንቋ የሚተርክ፣ አራቱም ገጹ የተጻፈበት፣ 136 መስመር ያለው ነው።

የተፍሲር ክፍል፦ እስማማለሁ፤ «ዐሪም» የሚለው የቁርኣን ቃል እዚያው ስላለ። ሱረቱ ሰበእ 34፥16 «ሰይለል ዐሪም» ይላል። ሙፈሲሮች (ቁርኣንን በተፍሲር የሚያብራሩ ሊቃውንት) በቃሉ ተለያይተዋል፦ ግድብ፣ የሸለቆ ስም፣ ኃይለኛ ዝናብ፣ ግድቡን የቦረቦረ አይጥ ያሉም አሉ። በሐውልቱ «ዐርምን» ማለት ግድቡ ነው፤ የመጨረሻዋ «ን» እንደ ዐረብኛው «አል» ናት። ይህ «ግድብ» ያሉትን ይደግፋል። ሆኖም ሐውልቱ የሚያወሳውን ጉዳት አንቀጹ ከሚናገረው ጎርፍ ጋር አንድ ነው ብለን እንዳንጽፍ፤ የሚያገናኛቸው ቃሉ ብቻ ነው።

አባል፦ ሱረቱል ፊልስ፣ በትውፊት አብርሃ ዝሆን ይዞ በመካ ላይ ካደረገው ዘመቻ ጋር የሚያያዘው ሱራ? አብርሃ በዐረቢያ ሙረይጋን በተባለ ቦታ ያስቀረጸው ጽሑፍ ይግባ እንጂ።

የግዕዝ ክፍል፦ ወንድሜ፣ ያ ጽሑፍ የ552 ሲሆን መዐድ በተባሉት ዐረቦች ላይ የተደረገ ዘመቻ ነው። መካም ዝሆንም አልተጠቀሱበትም፤ የዝሆኑ ዓመት ደግሞ በተለምዶ 570 ገደማ ነው የሚባለው። ለአብርሃ ታሪክ እንጥቀሰው፤ ለሱራው ማስረጃ ካደረግነው ግን ገምጋሚ በመጀመሪያው ገጽ ይጥለናል።

እኔን የሚያሳስበኝ ከሳባ ፊደል ወደ ግዕዝ ፊደል ልወጣው ነው። ሳባ 29 ፊደል አለው፤ ግዕዝ ጰ እና ፐ ሲቀነሱ 24። አምስቱ ድምፆች በፊደላችን ቦታ የላቸውም። በቅርብ በሚመስላቸው ከተካናቸው ሁለት የተለያየ የቃል ሥር አንድ ሆኖ ይነበባል። ስለዚህ ለአምስቱ ከፊደሉ በላይ ነጥብ እናድርግ፤ ሠንጠረዡም ከፕሮፖዛሉ ጋር ይያያዝ። አናባቢ ስለማይጻፍ ሁሉንም በሳድስ እናስፍር፤ «ረሕማናን» የሚለው የአምላክ ስም ንባብ «ርሕምንን» ከሚለው ጽሕፈት ተለይቶ በሌላ ዓምድ ይቀመጥ።

የተፍሲር ክፍል፦ «ረሕማናን» ካነሳን «አላህን ጥሩ ወይም አር-ረሕማንን ጥሩ» የሚለውን የቁርኣን 17፥110ን እንጨምር። ግን ስሙን ከአብርሃ አንጀምር። እሱ «ረሕማናንና መሲሑ» እያለ በክርስትና ይጽፋል፤ ከእሱ በፊት የነበሩ የሒምየር (የጥንቱ የየመን መንግሥት) ጽሑፎች ግን መሲሕን ሳይጠቅሱ በዚሁ ስም አንዱን አምላክ ጠርተዋል። ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ጎን ለጎን ያስፈልገናል።

አስተባባሪ፦ ተቀብያለሁ። አንድ ልጨምር፦ አዘጋጆች የጠፋውን ፊደል በግምት ሞልተው በማዕዘን ቅንፍ ያስቀምጣሉ። ስንገለብጥ ቅንፉ ከወደቀ ግምቱ ጽሑፍ ይሆናል። እያንዳንዱ ቃል ከጎን ብርሃን በተነሣ ፎቶ ይመርመር፤ ሁለት ሰው ለየብቻ ያንብበው። የፊደል ሠንጠረዡን የግዕዝ ክፍል፣ የ34፥16 ተፍሲሮችን የተፍሲር ክፍል እስከ ሐሙስ ይላኩልኝ።