የይለፍ ሐረግ ሳይጠይቅ ቁልፍና ሰርተፊኬት ስለሚያዘጋጅ ስክሪፕት

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ በአንድ ቡና አቅራቢ ድርጅት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። አጋሮና ሊሙ ገነት ያሉት ሰርቨሮቻችን ከዋናው ቢሮ ጋር በምስጠራ እንዲገናኙ፣ ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል በተባለው የምስጠራ ፕሮግራም ለየአንዳንዳቸው ቁልፍና ማንነታቸውን የሚያረጋግጥ ሰርተፊኬት የሚያዘጋጅ ስክሪፕት ጽፌአለሁ፤ ነገር ግን መጀመሪያ የይለፍ ሐረግ፣ ቀጥሎ የአገርና የከተማ ስም እየጠየቀ ስለሚቆም፣ ሰው አጠገቡ ካልተቀመጠ ሥራውን አይጨርስም። የባሰው ደግሞ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ነው፤ የድር ሰርቨር ፕሮግራሙ አፓቼ የቁልፉን የይለፍ ሐረግ እየጠበቀ ስለሚያድር፣ ማለዳ ቡና ጭነው የሚመጡ ገበሬዎች የሚዛን ደረሰኝ ለማግኘት እኔን ይጠብቃሉ። ሐረጉን ስክሪፕቱ ውስጥ ልጻፈው ወይስ ጨርሶ ላስቀረው?

መልስ 1፦
ስክሪፕቱ ውስጥ እንዳይጽፉት አደራ እላለሁ። ሐረጉ በትእዛዙ ላይ በቀጥታ ከተጻፈ፣ ትእዛዙ በሚሠራበት ጊዜ በማሽኑ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች በ«ፒ ኤስ» የሚዘረዝር ሌላ ተጠቃሚ ሊያነበው ይችላል፤ ስክሪፕቱ በተገለበጠ ቁጥርም አብሮ ይሄዳል። ለሰርቨር ቁልፍ የሚሻለው ማስቀረት ነው፤ ለዚህም ቁልፉንና የሰርተፊኬት ጥያቄውን በሚያዘጋጀው የ«ሬክ» ትእዛዝ ላይ «ኖድስ» የሚለውን አማራጭ ይጨምሩ። ስሙ ብዙዎችን ያሳስታል እንጂ ትርጉሙ «ያለ ዴስ» ማለት ነው፤ ዴስ የቀድሞ የምስጠራ ስልት ነው። ከኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ስሪት 3.0 ወዲህ በ«ኖኤንክ» ተተክቷል። የአገርና የከተማውን ጥያቄ በ«ሰብጅ» አማራጭ አስቀድመው ይመልሱት፤ የአገራችን ኮድ «ኢ ቲ» ነው።

ከዚህ በኋላ የቁልፉ ጥበቃ በፋይሉ ፈቃድ ላይ ብቻ ይወድቃል። ስለዚህ ከትእዛዙ በፊት፣ አዲስ ፋይል ከባለቤቱ በቀር ለማንም እንዳይከፈት የሚያደርገውን «ዩማስክ 077» ያስቀድሙ፤ ፋይሉ ከተፈጠረ በኋላ ፈቃዱን ማጥበብ በመሀል ክፍተት ሊተው ይችላልና።

መልስ 2፦
በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው ለሰርቨሮቹ ቁልፍ ብቻ መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል። የቅርንጫፎቹን ሰርተፊኬቶች የሚፈርመው ዋናው ቁልፍ የይለፍ ሐረጉ ሊነሳለት አይገባም፤ እሱን ያገኘ ሰው በድርጅትዎ ስም የፈለገውን ሰርተፊኬት መፈረም ይችላል። ፊርማ የሚያስፈልገውም አልፎ አልፎ ስለሆነ፣ ያን ዕለት ሐረጉን በእጅ መጻፍ ሸክም አይሆንም። የቅርንጫፎቹ ቁልፎች እዚያው አጋሮና ሊሙ ገነት ይፈጠሩ፤ ወደ ጅማ የሚላከው የፊርማ ጥያቄው ፋይል ብቻ ይሁን።

ሐረጉን ለብቻው በፋይል አስቀምጦ በ«ፓስኢን» አማራጭ ማስነበብም ይቻላል። ሆኖም ሐረጉና ቁልፉ በአንድ ዲስክ ላይ ካሉ ዲስኩን የወሰደ ሰው ሁለቱንም ስለሚያገኝ፣ ጥቅሙ ቁልፉ ብቻውን ወደ መጠባበቂያ ቅጂ ሲገባ ነው።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የአጋሮውን ሰርቨር አጥፍቼ ባስነሳው፣ አፓቼ ማንንም ሳይጠይቅ ተነሣ። ክሮም ግን ሰርተፊኬቱን አልቀበልም አለኝ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ከወጣው የክሮም ስሪት 58 ጀምሮ የሰርቨሩን ስም የሚፈልገው በሰርተፊኬቱ የአማራጭ ስሞች መስክ ውስጥ ነው። በ«አድኤክስት» አማራጭ በፊርማ ጥያቄው ላይ ብጽፈውም ከፊርማ በኋላ ጠፍቶ አገኘሁት፤ ለካ «ኤክስ 509» የተባለው የኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ትእዛዝ ሲፈርም ይህን መስክ በራሱ አይገለብጥም። በኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ስሪት 3.0 ውስጥ ባለው «ኮፒ ኤክስቴንሽንስ» አማራጭ ደግሜ ስፈርመው ተቀብሎታል።