ፋየርፎክስ በፕሮክሲው በኩል አልከፍትም ሲል ክሮም ለምን ይከፍታል?

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)
ሰላም ለሁላችሁ። በምሠራበት የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ኡቡንቱ በተባለ ሥርዓተ ክወና በሚሠራ ሰርቨር ላይ የተጫነ ስኩዊድ የተባለ ካሽ ፕሮክሲ (የኮምፒውተሮቹን የኢንተርኔት ጥያቄ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ፣ የመጣውንም ለድጋሚ አገልግሎት የሚያስቀምጥ ፕሮግራም) አለን። በቅርቡ ሁለተኛ ክፍል ከፍተን ኮምፒውተሮቹን በ192.168.20 በሚጀምር አዲስ አድራሻ አገናኘናቸው። በዚያ ክፍል ፋየርፎክስ «ፕሮክሲ ሰርቨሩ ግንኙነት አይቀበልም» የሚል ገጽ ሲያወጣ፣ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ያለው ክሮም ግን ሁሉንም ይከፍታል። በ192.168.10 የሚሠራው የቀድሞው ክፍል ምንም አልሆነም። ችግሩ የብራውዘሩ ነው ወይስ የሰርቨሩ?

መልስ (ከሐረር)
ወንድሜ፣ ክሮም መክፈቱ ፕሮክሲው ለመሥራቱ ማስረጃ አይሆንም። ክሮም የዊንዶውስን ቅንብር ስለሚከተል፣ ፋየርፎክስ ደግሞ በእጅ የተሞላ የራሱ ቅንብር ሊኖረው ስለሚችል፣ ክሮም ፕሮክሲውን ሳይነካ በቀጥታ እየወጣ ይሆናል። ያየኸውን ገጽ ያወጣው ብራውዘሩ ራሱ ነው፤ ጥያቄው ስኩዊድ ዘንድ አልደረሰም። ስለዚህ የሰርቨሩን ደንብ ከመነካካትህ በፊት በፋየርፎክስ የተሞላውን የፕሮክሲ አድራሻና ፖርት (ሰርቨሩ ግንኙነት የሚቀበልበትን የበር ቁጥር) ተመልከት። ስኩዊድ ካልተቀየረ በቀር የሚያዳምጠው በ3128 ነው።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። በአዲሶቹ ላይ የተሞላው 8080 ነበር። ወደ 3128 ሲቀየር ደግሞ የስኩዊድ ስም ያለበት «መግባት ተከልክሏል» የሚል ሌላ ገጽ መጣ።

መልስ (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)
ይህ መልካም ምልክት ነው፤ አሁን የመለሰልህ ስኩዊድ ራሱ ነው። የአገልግሎት መዝገቡን ብትከፍት ከእነዚያ ኮምፒውተሮች አድራሻ ጋር 403 የሚል ቁጥር (ተከልክሏል ማለት ነው) ታገኛለህ። ስኩዊድ የፈቃድ ደንቦችን ከላይ ወደ ታች አንብቦ መጀመሪያ በሚገጥመው ላይ ስለሚቆም፣ 192.168.20.0/24ን (በ192.168.20 የሚጀምሩትን አድራሻዎች በሙሉ) በውስጥ ኔትወርክ ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ብቻውን አይበቃም፤ የፈቃዱ መስመርም «ሁሉንም ከልክል» ከሚለው በላይ መቀመጥ አለበት። ለጊዜው ብለህ ለሁሉም እንዳትፈቅድ አደራ፤ ሰርቨሩ ከውጭ የሚታይ ከሆነ የማንም መተላለፊያ ይሆናል።

መልስ (ከሐረር)
ፋይሉን ካስተካከልክ በኋላ በስኩዊድ በራሱ መፈተሻ አረጋግጥ፤ ከዚያም አገልግሎቱን ሳታጠፋ ቅንብሩን ብቻ እንዲያድስ እዘዘው፤ አጥፍተህ ብታስነሣው በቀድሞው ክፍል ያሉት ሠልጣኞችም ይቋረጡብሃል። ክሮምን በተመለከተ፣ ያንኑ አድራሻና ፖርት በዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ ሙላ። መስመር ለመቆጠብ ካሰባችሁ ግን፣ በፖርት 443 የሚሄደው የተመሰጠረ (https) ትራፊክ በተለመደው አሠራር በስኩዊድ በኩል ያልፋል እንጂ ካሽ ውስጥ እንደማይቀመጥ አስቀድማችሁ ዕወቁ።

ጠያቂው
አድራሻው ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም፤ አሁን ገብቷል፣ ፋየርፎክስም ከፍቷል። የክሮምን ቅንብር ዛሬ ከሰዓት በኋላ እሞላለሁ።