ጥቆማ፦ አዳማ ላይ ለኢንፍራሬድ ሙከራ የቱ ነበልባል ይሻላል?

«የመመረቂያ ፕሮጀክቴ የነበልባል ኢንፍራሬድ (በዓይን የማይታይ የሙቀት ጨረር) ሞዴል ነው። ምን ላቃጥል? በምንስ ላስላ?» ላልሽው እህቴ፣ እኔም ስላለፍኩበት የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ድምቀቱ እንዳይሸውድሽ። ኩራዝ ቢጫ የሚሆነው የጋለ ጥቀርሻ ስላለበት ነው። ጥቀርሻ ጠጣር ስለሆነ ጨረሩ ሳይቆራረጥ በየሞገድ ርዝመቱ ይወጣል። የቡታጋዝ ሰማያዊ ነበልባል ግን ከኩራዙ ቢግልም ጥቀርሻ የለውም ማለት ይቻላል። ኢንፍራሬዱ በዋናነት የሚመጣው ከካርቦን ዳይኦክሳይድና ከውሃ ትነት ነው፤ በተለይ 2.7 እና 4.3 ማይክሮሜትር አካባቢ። ሙቀቱን ብቻ ይዘሽ ፕላንክ ቀመር (የጋለ ነገር በየሞገድ ርዝመቱ ሁሉ ቢበዛ ስንት ጨረር እንደሚለቅ የሚያሰላው) ውስጥ ከከተትሽው ውጤትሽ ከልክ በላይ ያብጣል።

የኔ ምርጫ የአልኮል መብራት ነው። ርካሽ ነው፣ ጥቀርሻው ትንሽ ነው፣ ውፍረቱን በማስመሪያ መለካት ይቻላል። ቡታጋዝ ሁለተኛ ነው፤ ምድጃው ላይ የተደረደሩት ትንንሽ ነበልባሎች ግን ስሌቱን ያወሳስቡታል። ጥቀርሻ ማጥናት ከፈለግሽ ኩራዝ። ፋኖስ? በፍጹም! እኔ በፋኖስ ጀምሬ ሳምንት ሙሉ ሴንሰሩን ስረግም ከረምኩ። ለካ 4.3ቷን የሚውጣት መስታወቱ ኖሯል። የከሰል ፍም ለማነጻጸሪያ አሪፍ ነው፤ 800 ዲግሪ ላይ ጨረሩ የሚበረታው 2.7 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ጭሱ ስለሚገድል መስኮት ክፈቺ። የአዳማ ነፋስ ደግሞ ተርባይን የሚያዞር ነው፤ ነበልባሉን በካርቶን ጋርጂው።

በስልክ ካሜራ አትድከሚ፤ ከ1 ማይክሮሜትር ብዙም አያልፍም።

ለስሌቱ ራዲስ የሚባለውን፣ የጋዞችን ጨረር የሚያሰላ የፓይተን ፕሮግራም እመክራለሁ። ነጻ ነው። የጋዞቹን መስመሮች (ጨረር የሚለቁባቸውንና የሚውጡባቸውን የሞገድ ርዝመቶች) የያዘውን ዳታ ሂትራን ከሚባለው የዳታ ቋት ሳይሆን ሂቴምፕ ከሚባለው ውሰጂ፤ ሂትራን ለክፍል ሙቀት ጥሩ ነው እንጂ በነበልባል ሙቀት ብዙ መስመሮች ይጎድሉታል። የሂቴምፕ ፋይል ከባድ ስለሆነ በሞባይል ዳታ እንዳትሞክሪው፤ ካርድሽን ይጨርሰዋል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ግፊቱን ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ግፊቱ 0.82 ባር አካባቢ ነው። ካልነገርሽው ፕሮግራሙ 1.01 ባር ብሎ ያሰላል።

የለካሽው ግራፍ ላይ 4.3 ማይክሮሜትር አካባቢ መሃሉ የጎደጎደ ጉብታ ካየሽ ደግሞ አትደንግጪ፣ መሣሪያው አልተበላሸም። በነበልባሉና በሴንሰሩ መካከል ያለው አየር የራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስላለው መሃሉን ይቀንስበታል። ራዲስ ላይ ነበልባሉንና አየሩን አከታትለሽ ደርድሪያቸው፤ ጎድጓዳው ሞዴሉ ላይም ይወጣል።