ከማጎሜ እስከ ጹማጎ በእግር፦ ከናጎያ ለጠየቁን እህት

ሰላም ለሁላችሁም። በቅርቡ ናጎያ የገቡት እህታችን፣ ልጆቻቸውን ይዘው በአንድ ቀን ደርሰው የሚመለሱበትን ጥንታዊ ስፍራ ስለጠየቁ፣ ያለ ማመንታት የምጠቁማቸው በኪሶ ሸለቆ ከማጎሜ እስከ ጹማጎ የሚዘልቀውን 8 ኪሎ ሜትር ያህል የእግር መንገድ ነው። ይህ መንገድ ኤዶን፣ ማለትም የዛሬዋን ቶኪዮ፣ በተራሮች በኩል ከኪዮቶ ጋር ያገናኝ የነበረው የናካሴንዶ ክፍል ነው፤ ማጎሜና ጹማጎ በናካሴንዶ ላይ ከነበሩት 69 የመንገደኛ ማረፊያዎች ውስጥ ናቸው።

በባቡር ናካጹጋዋ ወርደው በአውቶቡስ ማጎሜ ይድረሱና ጉዞውን ከዚያ ይጀምሩ። ማጎሜ ከጹማጎ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ እስካለው መተላለፊያ ድረስ ያለው ዳገት አጭር ነው፤ ከዚያ በኋላ አብዛኛው ቁልቁለት ነው። ድብ እንዲርቅ በየመንገዱ የተሰቀሉትን ደወሎች ልጆቹ እየደወሉ ይለፉ። ለልጆች እግር ከሦስት ሰዓት በላይ መመደብ ይገባል።

ጹማጎን ሳይ ሁልጊዜ የሚደንቀኝ የነዋሪዎቿ ቁርጠኝነት ነው። ባቡርና አዲስ መንገድ መጥተው መንገደኛው በእሷ በኩል ማለፉን ሲተው፣ ከተማዋ ተዳክማ ወጣቶቿም ወደ ሌላ ቦታ ሄደው ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ግን ነዋሪዎቹ አሮጌዎቹን ቤቶች ማደስ ጀመሩ፤ በ1971 ደግሞ ቤትና መሬታቸውን ላለመሸጥ፣ ላለማከራየትና ላለማፍረስ በጋራ ቃል ገቡ። መንግሥት በ1976 ጥበቃ ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ታሪካዊ መንደሮች አንዷ የሆነችው ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ነው። ዛሬም በዋናው ጎዳና ላይ ቀን መኪና አያልፍም፤ የመብራት ሽቦ ከዓይን ተሰውሯል፤ በቤቶቹም ውስጥ ሰው ይኖራል። በ1877 የተሠራውን የኦኩያ ቤት ገብተው እንዲያዩ አደራ እላለሁ፤ በኤዶ ዘመን፣ ማለትም ከ1603 እስከ 1868 ሾጉኖች በገዙበት ጊዜ፣ ተራ ሰው እንዳይቆርጠው በብርቱ ተከልክሎ በነበረው ሂኖኪ በሚባለው የጃፓን ጥድ እንጨት የታነጸ ነው።

ለሚጾሙ፦ ሶባ የሚባለው የጃፓን ፓስታ መረቅ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ስለሚዘጋጅ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ጎሄሞቺ የሚባለው በእንጨት ተሰክቶ የሚጠበስ ሩዝ ግን በተለምዶ የሚቀባው በዋልነት ፍሬና በአኩሪ አተር ድልህ ነው። ጥሬ ገንዘብ መያዝ አይርሱ፤ ሱቆቹ ከመምሸቱ በፊት ይዘጋሉ፤ ከጹማጎ ወደ ናጊሶ ባቡር ጣቢያ የሚሄደው አውቶቡስም ቶሎ ቶሎ ስለማይመጣ፣ የመመለሻውን ሰዓት ከዋዜማው አረጋግጠው ይነሡ።