ለአርባ ፕላኔት የሚሆን ገንዘብ እንዴት ይፈጠራል?

ጅሬኒቷ ጠየቀች፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጅማ ነኝ። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። አርባ ፕላኔት የሚገዛ ንጉሠ ነገሥት አለ። ከኮከብ ኮከብ ለመድረስ መርከቦቹ ዓመታት ይፈጅባቸዋል። የግዛቱ ገንዘብ "ክሬዲት" ይባላል፤ ሁሉም ሰው ክንዱ ውስጥ በተቀበረች ቺፕ ይከፍላል። ጓደኛዬ አነበበውና "ታሪኩ አሪፍ ነው፣ ገንዘቡ ግን ገንዘብ ገንዘብ አይሸትም" አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ።

ወርቅ ላድርገው? ወይስ በኃይል የሚለካ፣ ባትሪ ምናምን? ስሙንስ ልቀይረው? የምታውቁ እስቲ ሐሳብ ስጡኝ።

ጀንፈል መለሰ፦

እህቴ፣ የስሙን ነገር ተዪው። ክሬዲትም በይው ቆርቆሮ፣ አንባቢ ሁለት ገጽ ሳይሄድ ይለምደዋል። ገንዘብ እውነት የሚመስለው አንድ ሰው "ይሄንን አልቀበልም" ሲል ነው። ያንቺን ቺፕ እምቢ የሚል የለም። ጓደኛሽን ያልሸተተው እሱ ይመስለኛል።

ነገ ከፈረንጅ አራዳ ወደ መርካቶ ባጃጅ ስትይዢ፣ መሃሉ ተቀዶ በፕላስተር የተለጠፈ አሥር ብር ስጪው። ሹፌሩ ዓይኑ መንገድ ላይ ነው፣ አያይም እንዳትይ። በአውራ ጣቱ ዳሰስ ያደርገዋል፣ ገልበጥ ያደርገዋል፣ ከዚያ "እሱን ቀይሪልኝ" ይላል። ባንክ ቢወስደው እንደሚቀይሩለት አያጣውም። ግን ለአሥር ብር ማን ይሰለፋል? አንቺም አትሰለፊም። አጣጥፈሽ ከደህናዎቹ መሃል ትሸጉጪውና ማታ ለሽንኩርት ሻጯ ታሻግሪዋለሽ። በሕጉ አሥር ብር ነው፣ ባጃጁ ውስጥ ግን አይደለም። ይቺን ነገር ብቻ ህዋ ላይ ብታወጫት ግማሽ ሥራሽ አለቀ።

እኔ በቡና ንግድ ውስጥ ነው ያደግኩት፣ የገንዘብን ጠባይ ያየሁትም እዚያ ነው። ገንዘብ ወቅት አለው። ቡናው ሲደርስ ብሩ ወደ ገጠር ይወርዳል። ሰብሳቢው በጆንያ ይዞ ይሄዳል። ገበሬው እሸቱን አስረክቦ እዚያው ሚዛኑ ሥር ቆጥሮ መቀበል ይፈልጋል፤ "ነገ በባንክ ትወስዳለህ" ብትዪው ቡናውን ለጎረቤት ሰብሳቢ ይሰጣል። ግብይቱ ሲያልቅ ደግሞ ያው ብር በጨርቃ ጨርቅ፣ በቆርቆሮ ክዳን፣ በሠርግ ወጪ ተመልሶ ከተማ ይገባል። አንቺ ጋ ከአርባው ፕላኔት አንዱ አዝመራ የሚሰበስብ ከሆነ፣ በዚያ ሰሞን ዋና ከተማው ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ሊደርቅ ይችላል። ቤተ መንግሥቱ ለወታደር ደሞዝ ሲያጣ አስቢው!

ታሪክ ከፈለግሽ ደግሞ ሩቅ አትሂጂ። በአባ ጅፋር ጊዜ የሂርማታ ገበያ ላይ ከየአቅጣጫው ሲራራ ነጋዴ ይወርድ ነበር። ትልቁ ገንዘብ ጠገራ ብር ነው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት። ሴትየዋ የሞተችው በፈረንጅ 1780 ነው። ብሯ ግን ከሞተች በኋላም ሲመታ ኖረ፣ ሁሌም 1780 እየተባለ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸው መልክ ያለበትን ብር ፓሪስ አስመትተው ቢያመጡም ገበያው የለመደውን ጠገራ ይመርጥ ነበር። የገዛ አገሩን ንጉሥ ብር ትቶ የሞተች የሰው አገር ንግሥት! ከዚህ የበለጠ ልብ ወለድ ከየት ታመጫለሽ?

አንድ ነገር ደግሞ። ጠገራ ትልቅ ነው፣ ለአንድ ዶሮ አይወጣም። ስለዚህ ዝርዝሩ አሞሌ ጨው ነበር፤ በአንዳንድ ቦታ ጥይት። አሞሌው ከአፋር በረሃ ተቆርጦ ነው የሚመጣው። ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ይሰበራል፣ ዝናብ ያሟሟዋል፣ ሲቸግር ወጥ ውስጥ ይገባል። ዛሬም ባለ ሱቁ ሁለት ብር መልስ ሲያጣ ማስቲካ ይሰጥሽ የለ? ያንቺ ግዛት ውስጥ ማስቲካው ምንድን ነው?

ቴሌስኮፕ መለሰ፦

ጀንፈል ስለ ሰዎቹ ተናግሯል፣ እኔ ስለ ፊዚክሱ ባጭሩ።

ቺፑ አይሠራም። እኛ ጋ በስልክ ስትከፍዪ አንድ ማዕከል ሒሳብሽን አይቶ "አላት" ይላል። ከመሬት ማርስ እንኳ መልእክት ለመድረስ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል። ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርብ ወደሆነው ኮከብ ደግሞ በብርሃን ፍጥነት አራት ዓመት ከሦስት ወር ገደማ ነው። "ሒሳቧ ውስጥ አላት ወይ?" ብለሽ ጠይቀሽ መልሱ እስኪመጣ ስምንት ዓመት ተኩል ልትጠብቂ ነው። አጭበርባሪው እስከዚያ ያንኑ ገንዘብ ሦስት ፕላኔት ላይ ይበላዋል። ስለዚህ በፕላኔቶቹ መሃል የሚንቀሳቀሰው በእጅ የሚያዝ ነገር መሆን አለበት፣ ወይም ነጋዴ ለነጋዴ የሚጽፈው የአደራ ወረቀት።

ወርቅም አይሆንም። አስትሮይድ፣ ማለትም ህዋ ላይ የሚዞር ዓለት፣ ቆፍሮ ብረት የሚያወጣ ሥልጣኔ ወርቅ አይርበውም።

ሒሳብ ሹም መለሰ፦

ጀንፈል ገበያውን አጋነኸዋል። ሰው ገንዘብ የሚቀበለው ግብር ስለሚከፍልበት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ "ግብሬን በዚህ ብቻ ነው የምቀበለው" ካለ፣ ያልወደደውም ፈልጎ ያመጣዋል። መስከረም 2013 ላይ የብር ኖት ሲቀየር አስታውሱ። የ10፣ የ50 እና የ100 ብሩ አሮጌ ኖት በሦስት ወር ውስጥ ካልተመለሰ ወረቀት ነው ተባለ። ፍራሽ ሥር ያስቀመጠው ሁሉ ባንክ በር ላይ ተሰለፈ። ይሄ የመንግሥት ጉልበት ነው። ጅሬኒቷ፣ አንድ ምዕራፍ በኖት ቅየራ ጀምሪ። ማን ደበቀ፣ ማን ደነገጠ፣ የሩቁ ፕላኔት ዜናውን የሰማው ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ቢሆንስ? የቴሌስኮፕ ብርሃን እዚህ ጋ ይጠቅምሻል።

ጀንፈል መለሰ፦

የመጨረሻዋን ሐሳብህን ወድጃታለሁ። ስለ ግብሩም ልክ ነህ፣ ግን ጉልበትም ልክ አለው። ጣሊያን በ1928 ሲገባ ሊሬውን ይዞ መጣ። ጠመንጃም ነበረው፣ አዋጅም። ሕዝቡ ግን "ጠገራ አምጣ" አለ። ጣሊያን ይሄ አይጠፋውም ነበር፤ ከወረራው በፊት የጠገራውን መምቻ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ ራሱ ያስመታ ነበር። እንግሊዝም በበኩሉ መትቷል፣ ሁሉም 1780 እያለ። ወራሪው የወረረውን አገር ገንዘብ ቤቱ ሲያመርት ማለት ነው። እስቲ ግብር ብቻ ከሆነ ይሄን አስረዳኝ።

ጅሬኒቷ መለሰች፦

ኧረ አመሰግናለሁ፣ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እንግዲህ እንዲህ አደርጋለሁ። ቺፕ የሚሠራው በአንድ ፕላኔት ውስጥ ብቻ ነው። በፕላኔቶች መሃል የድሮ ንግሥት ሳንቲም ይዞራል። ንግሥቲቱ ሞታለች፣ ሥርወ መንግሥቷም ጠፍቷል። ሳንቲሟን በድብቅ የሚመታው የግዛቱ ጠላት ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱም ያውቃል፣ ዝም ይላል፣ ምክንያቱም የራሱን ሳንቲም ድንበር ላይ ማንም አይነካለትም። ለዝርዝር የውኃ ማጣሪያ ቁራጭ ይሰጣጣሉ፤ ሲቸግር ይጠቀሙበታል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ፎርጅዱን በምን ይለያሉ? መመርመሪያ መሣሪያ ላስገባ?

ጀንፈል መለሰ፦

በጭራሽ! መሣሪያው "ቲት" ካለ ትዕይንቱ ሞተ። የድሮ ሰዎች ጠገራውን አገላብጠው ያዩ ነበር፣ የንግሥቲቱን ጌጥ ዕንቁ ሳይቀር ይቆጥሩ ነበር። ካልሞላ አይቀበሉም። አንቺም አንዲት ባልቴት አስቀምጪ፣ ወደብ ላይ የምትሸጥ። ጀግናሽ መርከቧ ልትነሳባት ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ ሴትየዋ ግን ሳንቲሙን ወደ መብራት አዙራ በጥፍሯ አንድ በአንድ ትቁጠር። ከዚያ "ሌላ የለሽም?" ትበላት።